በዝግታ ስትሄድ የምትናጥ ማንዋል መኪና፦ መንስኤውን ፈልጌ ያገኘሁበት መንገድ

የምነዳት መኪና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ የተሠራች፣ ባለ 1.6 ሊትርና ባለ 16 ቫልቭ የቤንዚን ሞተር የተገጠመላት፣ ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል ሱዙኪ ቪታራ ናት። ብልሽቷ በፍጥነት ስትሄድ አይታወቅም ነበር። ከደብረ ብርሃን በጫጫ አድርጋ ወደ ሸኖ በአራተኛና በአምስተኛ ማርሽ ስትገሰግስ ምንም እንከን ያለባት አትመስልም። ከአስፋልት ወጥታ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ በዝግታ መሄድ ሲኖርባት ግን ጠባይዋ ይለወጣል። የነዳጅ ፔዳሉን በስሱ ስነካው መጀመሪያ ምንም መልስ አትሰጥም፤ ጥቂት ጨመር ሳደርግ በድንገት ወደ ፊት ትወረወራለች፤ እግሬን ቀለል ሳደርግ ደግሞ ፍሬን የተያዘ ያህል ወደ ኋላ ትጎትታለች። ይህ መወርወርና መጎተት አንዴ ከጀመረ ሰውነቴን ስለሚንጠው እግሬም ፔዳሉ ላይ አብሮ ይዘልላል፤ እግሬ በዘለለ ቁጥር የመኪናዋ መናጥ ይብሳል፤ ፍሪሲዮን ካልረገጥኩ በስተቀርም አያቆምም።

በእኛ አካባቢ ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ የተጫነ ተሳቢ ከፊት ቀድሞ ከተገኘ፣ በሁለተኛ ማርሽ እግርን ከፔዳሉ ላይ አንሳ ጣል እያደረጉ ረጅም ጊዜ መውረድ የግድ ነው። ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ደግሞ ድንጋዩ ከጎማ ሥር እየተንከባለለ፣ በአንድ ወገን ገደል እያለ መኪናዋ ሳይታሰብ ወደ ፊት ስትዘልል፣ ከጎን የተቀመጠው ሰው ስመ ሥላሴ መጥራቱ አይቀርም። ለዚህ ነው ነገሩን «ያረጀች መኪና ጠባይ ነው» ብዬ ለመተው ያልፈለግሁት።

ችግሩን ያዋየኋቸው ሰዎች ሁሉ የሚመክሩኝ ዕቃ መቀየር ነበር። አንዱ ካንዴላ፣ ሌላው ቦቢና፣ ሦስተኛው የነዳጅ ፓምፕ ይላል፤ ሞተሩን የሚያዝዘውን ኮምፒውተር ራሱን እንድቀይር የመከረኝም አልጠፋም። የእነዚህ ዕቃዎች ጉድለት መኪናን ሊያንገጫግጭ መቻሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርዶ የሚገኘው የአሮጌ መኪና ዕቃ ብዙ ጊዜ ያገለገለ ስለሆነ፣ ሳይለኩና ሳይፈትሹ መቀያየር ጤናማውን ዕቃ አውጥቶ የታመመ ማስገባት ሊሆን ይችላል። እኔ የመረጥኩት ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፦ የሚያቋርጠው ሞተሩ ነው ወይስ ከሞተሩ እስከ ጎማው ያለው አካል ላልቶ ነው የሚማታው? ሁለቱ በመቀመጫ ላይ የሚሰጡት ስሜት እጅግ ስለሚመሳሰል፣ በግምት መለየት የሚቻል አይመስለኝም።

የመጀመሪያውን ፈተና ያደረግሁት ከከተማው ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ጠበቅሁ፤ ምክንያቱም በደብረ ብርሃን ብርድ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ቀዝቃዛ ሞተር ሚኒሞውን (ፔዳሉ ሳይነካ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) ከፍ አድርጎ ስለሚይዝ ብልሽቱ ይሸፈናል። ከዚያም ትንሿን ማርሽ ወደ «4ኤል» (አራቱም ጎማ በዝግታና በብዙ ጉልበት ወደሚነዳበት) አስገብቼ፣ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ለቅቄ፣ የነዳጅ ፔዳሉን ጨርሶ ሳልነካ በሚኒሞ ብቻ እንድትሄድ ተውኳት። ይህን ፈተና መሞከር የሚፈልግ ሰው ሣር ወይም ጠጠር ላይ ያድርገው፤ እንደዚህ ዓይነቷ መኪና በአራቱም ጎማ ስትነዳ የፊቱና የኋላው በእኩል ዙር ስለሚተሳሰሩ በደረቅ አስፋልት ላይ መታጠፍ ዲፈረንሻልና ክሮቼራ (የማስተላለፊያ ዘንጉን መጋጠሚያ) ያስጨንቃል። በዚህ ማርሽ የሞተሩ ጉልበት ጎማው ዘንድ ሲደርስ ከ30 ጊዜ በላይ ተባዝቶ ነው፤ ትንሿ ማርሽ ብቻዋን 1.816 ጊዜ ታበዛዋለች። ስለዚህ ሞተሩ በሚኒሞ ላይ ሳለ ካንዴላው የሚያቋርጥ ወይም የቤንዚኑና የአየሩ ድብልቅ የተዛባ ቢሆን ኖሮ፣ እዚህ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። መኪናዋ ግን ያለ አንዳች መናጥ ቀስ ብላ ሄደች። መናጡ የጀመረው እግሬ ፔዳሉን በነካ ቅጽበት ነው።

ይህ ውጤት ፍለጋውን እጅግ አጠበበልኝ። ሞተሩ በሚኒሞ ላይ ደህና ነው፤ በሰፊው ሲረገጥም ደህና ነው፤ የሚታመመው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው።

ሁለተኛው ፈተና የዙር መቁጠሪያውን ቀስት መመልከት ነው። ይህን የሚያየው ሾፌሩ ሳይሆን ከጎን የተቀመጠ ሰው ቢሆን ይሻላል፤ ሾፌሩ መንገድ ያያል። ቀስቱ ሳይናወጥ መኪናዋ «ጓ» ብላ ከተመታች ልቅነቱ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) በኋላ ነው፤ ቀስቱ ቀድሞ ወደ ታች ጠለቅ ካለና መጎተቱ ከዚያ ከተከተለ ግን ሞተሩ ራሱ ጉልበት አቋርጧል ማለት ነው። በእኔዋ ላይ ቀስቱ ቀድሞ ነበር የሚጠልቀው።

ያም ሆኖ የታችኛውን ክፍል ሳልፈትሽ አላለፍኩም፤ ምክንያቱም ሞተሩ የሚፈጥረውን ትንሽ መቆራረጥ የላላ አካል ያጎላዋል። ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፌ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ትራስሚሲዮኑን፣ ማለትም ጉልበት ከካምቢዮው ወደ ጎማው የሚያስተላልፈውን ዘንግ፣ በእጄ ወዲህና ወዲያ አዞርኩት። በክሮቼራዎቹ ላይ የሚሰማ መላላት አልነበረም። ቀጥሎም ኮፋኖውን ከፍቼ አንድ ሰው ከጎን ቆሞ እንዲያይ አደረግሁ፤ እኔ የእጅ ፍሬን ይዤ፣ ፍሬንም ረግጬ፣ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን እስኪነካ ድረስ ብቻ ለቀቅ አደረግሁት። ሞተሩ በልኩ ዘንበል ማለቱ ያለ ነው፤ የእኔዋ ግን የካምቢዮው ተሸካሚ ጎማ ተሰንጥቆ ስለነበር ከኋላ በኩል ብድግ ትል ነበር። ጎማው ተቀየረ። ከዚያ በኋላ የመመታቱ ድምፅ ቀነሰ፤ መወርወሩና መጎተቱ ግን እንደነበረ ቀረ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ አንድ እውነተኛ ብልሽት አግኝቶ አስተካክሎ፣ ዋናው ችግር ሳይነካ ሲቀር።

ቀሪውን ለመረዳት ኮምፒውተሩ እግራችንን እንዴት እንደሚያይ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነት መኪና ፔዳሉ በካቦ የሚጎትተው ቤንዚን ሳይሆን አየር ነው፤ ካቦው በትሮትል ቦዲው ውስጥ ያለችውን ክብ ክዳን ይከፍታል፣ ኮምፒውተሩም በገባው አየር ልክ ቤንዚን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ያዛል። ክዳኗ መዘጋቷንና መከፈቷን የሚነግረው በዘንጓ ጫፍ ላይ የተገጠመ የትሮትል ሴንሰር ነው። በእኔዋ ሴንሰር ውስጥ ከመለኪያው ሌላ «ክዳኗ ተዘግታለች» የሚል ምልክት የሚሰጥ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ይህ ምልክት ሲመጣና የሞተሩ ዙር ከተወሰነ ልክ በላይ ሲሆን፣ ልኩ እንደ ሞተሩና እንደ ሙቀቱ ቢለያይም አብዛኛውን ጊዜ ከ1500 እስከ 2000 ዙር ባለው አካባቢ ነው፣ ኮምፒውተሩ «ሾፌሩ እግሩን አንሥቷል» ብሎ ቤንዚኑን ፈጽሞ ያቋርጣል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንደ ፍሬን የሚይዘውና ቤንዚን የሚቆጥበው በዚህ መንገድ ነው። ምልክቱ ሲጠፋ ቤንዚኑ ይመለሳል፤ ሾፌሩ ጉልበት ፈልጓል ተብሎም ትንሽ ጭማሪ ይሰጠዋል።

ሁሉም በልኩ ከተገጠመ ይህ ሽግግር አይታወቅም። ማብሪያ ማጥፊያው ዘግይቶ የሚለቅ ከሆነ ግን እግሬ ክዳኗን በእርግጥ ከፍቶ ሳለ ኮምፒውተሩ እንደተዘጋች ያምናል። አየር ይገባል፤ ቤንዚን የለም። እኔ መልስ ሳጣ ጨመር አደርጋለሁ፤ ምልክቱ በዚያች ቅጽበት ይለቅቃል፤ ቤንዚኑ ከነጭማሪው በአንድ ጊዜ ሲገባ ክዳኗ ከሚፈለገው በላይ ተከፍታለች። መወርወሩ ይህ ነው። ደንግጬ ስቀንስ እንደገና ወደ ተቋረጠበት ክልል እመለሳለሁ። ቀደም ብዬ የገለጽኩት የእግርና የመኪና መናናጥ ቤንዚን በሚቆረጥበትና በሚመለስበት ድንበር ላይ መመላለስ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ወደዚህ መንስኤ እንዳዘነብል ያደረገኝ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም የቦታው ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የአየሩ ግፊት ወደ 72 ኪሎ ፓስካል ይደርሳል፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ግፊቱ ወደ 87 ኪሎ ፓስካል ነው። ይህ ማለት ክዳኗ እኩል ተከፍታ ሸዋ ሮቢት ላይ የሚገባው አየር ደብረ ብርሃን ላይ ከሚገባው በአንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል። መናጡም ቆላ በወረድኩ ቁጥር የበለጠ ስል ይሆን ነበር። ከዚህ ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ሚኒሞው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 800 ዙር የነበረው ሸዋ ሮቢት ስደርስ በጆሮ እስኪታወቅ ከፍ ይላል። ሚኒሞውን የሚቆጣጠረው የኮምፒውተሩ ቫልቭ ቢሆን ኖሮ ትርፉን አየር ቀንሶ ያስተካክለው ነበር። ያለማስተካከሉ አየሩ ኮምፒውተሩ በማያዝበት በሌላ ቀዳዳ እንደሚገባ ይጠቁማል።

ይህን ሁሉ ይዤ በኮረንቲና በኢንጀክሽን ሥራ የቆየ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ሚኒሞዋ ልክ ነው» ስላቸው፣ ኮፋኖውን ሳይከፍቱ «ልክነቱን ተወው ልጄ፤ የያዘው ማን ነው? ብሎኑ ነው ወይስ ቫልቩ?» አሉኝ። ከዚያም ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ የሚኒሞ ቫልቩን ሶኬት ነቀሉት። ጤነኛ በሆነ ሞተር ዙሩ መለወጥ ነበረበት። የእኔዋ ንቅንቅ አላለችም።

የአየር ቱቦው ሲነሣ ነገሩ ሁሉ በዓይን የሚታይ ሆነ። ክዳኗ በምትዘጋበት መስመር ዙሪያውን ጥቁር፣ በጥፍር ሲነካ የሚያጣብቅ ቀለበት ተጋግሯል፤ እንደ ምጣድ ቂጥ ጥላሸት በጨርቅ ብቻ የሚነሣ አልነበረም። ካቦው የሚጎትተውን ማንሻ በጣቴ ቀስ ብዬ ስገፋው መጀመሪያ አልንቀሳቀስ ይላል፤ ኃይል ስጨምር «ጠቅ» ብሎ ከተጣበቀበት ይላቀቅና ከፈለግሁት በላይ ይከፈታል። በእግር ሲረገጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ክዳኗ ስትዘጋ የምታርፍበት የማቆሚያ ብሎን ደግሞ በፋብሪካ የተቀባው የማኅተም ቀለም ተሰንጥቆ፣ ራሱ በካቻቢቴ ተልጦ ነበር። የሴንሰሩ ሁለት ብሎኖችም ዙሪያቸው ያለው አቧራ የሌለበት ንጹሕ ግማሽ ጨረቃ ትተዋል፤ አንድ ሰው አላልቶ አዙሮታል ማለት ነው።

ከነዚህ ምልክቶች ታሪኩን መገመት አያስቸግርም። ጥላሸቱ አየር ሲዘጋ ሚኒሞው ወረደ፤ ከፍታውም ስላለ ሞተሩ ይጠፋ ጀመር። መኪናዋ ቀድሞ በነበረችበት ጋራዥ ጥላሸቱን ከማጠብ ይልቅ የማቆሚያውን ብሎን አጥብቀው ክዳኗ ገርበብ ብላ እንድትቀር አደረጉ። ክዳኗ ስላልተዘጋች «ተዘግታለች» የሚለው ምልክት ጠፋ፤ ምልክቱን ለመመለስ ሴንሰሩን አዞሩት፤ ሲያዞሩትም ከልኩ አሳለፉት። እያንዳንዱ እርምጃ የቀደመውን ይሸፍናል፤ በመጨረሻም ደብረ ብርሃን ላይ ቆማ ስትሠራ ጤነኛ የምትመስል፣ ስትንቀሳቀስ ግን የምትናጥ መኪና ትገኛለች። ሥራውን የሠራው ሰው ክፉ አሰበ አልልም፤ ከጋራዡ ስትወጣ ሚኒሞዋ ልክ ነበር፣ ደንበኛውም የጠየቀው እሱኑ ነበር።

ሴንሰሩ ከልኩ ማለፉን በቴስተር (በኮረንቲ መለኪያ) አረጋገጥን። ቁልፉን አጥፍተን፣ የሴንሰሩን ሶኬት ነቅለን፣ ቴስተሩን በሚጮኸው ላይ አድርገን በማብሪያ ማጥፊያው ሁለት እግሮች ላይ አሳረፍነው። ክዳኗ ስታርፍ ይጮኻል፤ ይህ ትክክል ነው። ማንሻውን በቀስታ ስንገፋ ወዲያው ዝም ማለት ሲገባው፣ ክዳኗ በዓይን እስኪታይ ተከፍታ እንኳ ይጮህ ነበር። ከዚያም ሶኬቱን መልሰን፣ ቁልፉን አብርተን፣ የመለኪያውን ቮልት አየን። እዚህ ላይ ባለ ቀስት ቴስተር ከባለ ቁጥሩ ይሻላል፤ ክዳኗ ቀስ ብላ ስትከፈት ቀስቱ ሳይዘልል ሳይወድቅ ከግማሽ ቮልት አካባቢ ተነሥቶ ወደ 4 ቮልት አካባቢ እስኪደርስ በእኩል መውጣት አለበት። መሐል ላይ ቢወድቅ ሴንሰሩ ተበልቷል፣ መቀየር አለበት። የእኔው በእኩል ስለወጣ አቀማመጡን ማስተካከል ብቻ በቂ ሆነ።

ማስተካከሉ ቅደም ተከተል አለው፤ ሥራው የሚበላሸውም ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ነው። ጥላሸቱ ታጥቦ ብሎኑ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ሴንሰሩ እንዳለ ቢተው ክዳኗ ከቀድሞው ይበልጥ ስለምትዘጋ ምልክቱ ይበልጥ ዘግይቶ ይለቅቃል፤ መናጡም ይብሳል። «አሳጠብኳት፣ ባሰባት» የሚሉ ሰዎች የሚያጋጥማቸው ይህ ይመስለኛል። መጀመሪያ ትሮትል ቦዲው ወርዶ፣ የማጽጃው ፈሳሽ በጨርቅና በለስላሳ ብሩሽ እየተቀባ ታጠበ። በቀጥታ ወደ ሴንሰሩ መርጨት ወይም በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ አያስፈልግም። የሚኒሞው ቫልቭና መተላለፊያውም አብረው ታጠቡ፤ መተላለፊያው በዚያው ጥላሸት ከግማሽ በላይ ተደፍኖ ስለነበር ቫልቩ ቢታዘዝም የሚያሳልፈው አየር አልነበረውም። ከታችኛው ማረፊያ የወጣችው አሮጌ ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) በአዲስ ተተካች።

ቀጥሎ የማቆሚያው ብሎን ማንሻውን እስኪለቅ ድረስ ተፈታ፤ ከዚያ ማንሻውን በጭንቅ እስኪነካና ክዳኗ በግድግዳው ላይ ሳትጣበቅ እንድታርፍ እስኪያደርጋት ብቻ ተመለሰ። የሚኒሞ ሥራ ከእንግዲህ የእርሱ አይደለም። የነዳጅ ካቦው ጥቂት ልቅነት እንዲኖረው ተደረገ፤ የተወጠረ ካቦ ሞተሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ክዳኗን ይጎትታል፣ ከመጠን በላይ የላላ ካቦ ደግሞ ፔዳሉ ላይ ሞቶ የሚሄድ ርቀት ይፈጥራል። የካቦው ጫፍ ክር ካወጣ ሳያመነቱ መቀየር ነው፤ የወጣው ክር ሽፋኑ ውስጥ ተይዞ ክዳኗ ተከፍታ ከቀረች በጣርማ በር ቁልቁለት ላይ የሚሆነውን ማሰብ አያስቸግርም።

በመጨረሻ ሴንሰሩ ተስተካከለ። በማቆሚያው ብሎንና በማንሻው መካከል የቫልቭ ክፍተት የሚለካባት ስስ ብረት ትገባለች፤ በስሱ ብረት ቴስተሩ መጮህ አለበት፣ በቀጣዩ ወፈር ያለ ብረት ዝም ማለት አለበት። የብረቶቹ ውፍረት በየሞተሩ ስለሚለያይ ከመኪናው የጥገና መጽሐፍ መውሰድ እንጂ ከሌላ መኪና መገልበጥ አይገባም። ሴንሰሩ በጣት እየተነካካ እዚያ ነጥብ ላይ ሲደርስ ብሎኖቹ ይጠብቃሉ፤ ሲጠብቁ ትንሽ ስለሚዞር እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ይህ ነው። መካኒኩ ሲያበቁ በብሎኑና በሴንሰሩ ጠርዝ ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ አደረጉበት፤ ወደፊት ማንም ቢነካው ይታወቃል።

ትሮትል ቦዲው ወርዶ ሳለ ሌሎቹንም ተመለከትን። ከአየር ማስገቢያው ወደ ፍሬን መርጃው የሚሄደው ጎማ ደህና ነበር፤ አንዲት ቀጭን የአየር ቱቦ ግን ጫፏ ደርቆ ተሰንጥቆ ስለተገኘች ጫፏን ቆርጠን መልሰን አስገባናት። እንዲህ ያለ የአየር ፍሳሽ መኖሩን የሚጠራጠር ሰው ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የሳሙና ውኃ በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ ይርጭ፤ ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ይፈስሳል። ቤንዚን ረጭተው የሚፈትሹ አሉ፤ በጋለ ሞተርና በዴልኮ (ኮረንቲ ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው) አጠገብ ይህን ማድረግ እሳት መጥራት ስለሆነ አልመክርም። ካንዴላዎቹ ክፍተታቸው ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው በመበላት ሰፍቶ ስለነበር ተቀየሩ። የአየር ፊልትሮው ንጹሕ ነበር። የቤንዚን ፊልትሮውን ከነዚህ ጋር የቀየርኩት ከመንዝ መንገድ በጀሪካን የገዛሁት ቤንዚን ምን እንደያዘ ስለማላምነው ነው፤ ለዚህ ብልሽት ግን መንስኤ አልነበረም።

ሞተሩ ተነሥቶ ሲሞቅ የሚኒሞው ቫልቭ ሥራውን ተረክቦ ዙሩን በራሱ ያዘው። መብራትና ማራገቢያ ሲበራ ትንሽ ወርዶ ወዲያው ይመለሳል። ሸዋ ሮቢት ወርጄም ሚኒሞው ከፍ አላለም። የፔዳሉ መልስ አሁን ከመጀመሪያው ንክኪ ይጀምራል፤ በሁለተኛ ማርሽ ከተሳቢ ኋላ ስወርድ ቤንዚኑ ሲመለስ የሚሰማኝ መጠነኛ ለውጥ ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ የማንኛውም እንዲህ ያለ ሞተር ጠባይ ስለሆነ አያሳስብም።

በድንጋያማ መንገድ ላይ የቀረው መናጥ የእግር ጉዳይ ነው። መኪናዋ ጤነኛ ብትሆንም ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የሾፌሩ እግር ይንቀሳቀሳል፤ በ«4ኤል» አንደኛ ማርሽ ደግሞ የእግር ጣት ንቅናቄ እንኳ ወደ ጎማው ሲደርስ ትልቅ ነው። እኔን የጠቀመኝ ተረከዜን ወለሉ ላይ ተክዬ የቀኝ እግሬን ጎን በመሐሉ ጉብታ ላይ ማስደገፍ ነው፤ እግሩ ከመኪናዋ ጋር አንድ ላይ ስለሚንቀሳቀስ ፔዳሉን አያንኳኳም። ቀጭን ሶል ያለው ጫማ ከቦት ይሻላል። መንገዱ ከፈቀደም ከአንደኛ ይልቅ የ«4ኤል»ን ሁለተኛ መያዝ መናጡን ያለዝበዋል። በጣም ቁልቁል በሆነ ቦታ ግን አንደኛ ውስጥ አስገብቶ እግርን ከፔዳሉ ጨርሶ አንሥቶ በሚኒሞ መውረድ ነው እንጂ ፍሪሲዮን እየረገጡ ማለዘብ አይገባም፤ ፍሪሲዮን የተረገጠ መኪና ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው፣ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይደክማል።

ባለ ናፍጣ መኪና ያላቸው፣ ለምሳሌ የ1ኤችዜድ ሞተር ያለውን ላንድክሩዘር የሚነዱ ሰዎች፣ እዚህ የጻፍኩትን የትሮትል ሴንሰር ነገር አይፈልጉት፤ የእነርሱ ፓምፕ በካቦና በሞላ ስለሚሠራ ፍለጋውን ከካቦው ልቅነት፣ ከፓምፑ ማንሻ መመለሻ ሞላ፣ ከሚኒሞ ማስተካከያውና ከሞተሩ ተሸካሚ ጎማዎች ይጀምሩ። ካቦ የሌላቸውን፣ ፔዳላቸው በሽቦ ብቻ ለኮምፒውተሩ የሚናገረውን አዳዲስ መኪናዎች በሚመለከት ደግሞ ቁልፉ በርቶ ሳለ ክዳኗን በጣት መግፋት ክዳኗን የሚያዞረውን ትንሽ የኮረንቲ ሞተር ሊሰብር ስለሚችል አይሞከርም፤ በእነዚህ ላይ የፔዳሉን ሴንሰር በኮምፒውተር ማንበብ ይቀድማል፤ ከታጠቡም በኋላ ብዙዎቹ ሚኒሞአቸውን እንደገና እንዲማሩ መደረግ አለባቸው። በሚኒሞ ብቻ በሜዳ ላይ የማስኬዱ ፈተናና የዙር ቀስቱ ምልከታ ግን ለሁሉም ማንዋል መኪና ይሠራል፤ ከሁለቱም በፊት ዕቃ አይገዛ።